ግማሽ ዋጋው የምኑ ግማሽ ነው?

ፍራንክፈርት ውስጥ ቤት ተከራይቶ ቁልፍ የሚረከብ የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነው። ባዶ ግድግዳ፣ ጫፉ የተደፈነ የውኃ ቧንቧና ተንጠልጥሎ የቀረ የኤሌክትሪክ ገመድ፤ ሌላ ምንም የለም። የዕቃ ማጠቢያው እንኳን የለም። የቀድሞው ተከራይ ካቢኔቱንም ምድጃውንም ነቅሎ ይዞት ሄዷል። በጀርመን ብዙ የኪራይ ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ የአከራዩ ሳይሆን የተከራዩ ንብረት ነው። መንቀሉ የሰለቸው ተከራይ «አብሎዘ» የሚሉትን ክፍያ ከተተኪው ይቀበልና ትቶለት ይሄዳል። እኔም ለ9 ዓመታት የኖርኩት እንዲህ በወረስኩት፣ መሳቢያው ሲጎተት በሚያቃስት ወጥ ቤት ነበር። ቤት ስንቀይር ግን የሚወረስ አልተገኘም።

የሚያስቀው ነገር ከተማው ራሱ ነው። ዛሬ በየአገሩ የሚገጠመው ዘመናዊ ወጥ ቤት ቅድመ አያቱ «የፍራንክፈርት ወጥ ቤት» ትባላለች። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና አርክቴክት በ1926 እ.ኤ.አ. ከተማው ለሚያሠራቸው መኖሪያ ቤቶች የነደፈቻት ስትሆን፣ ወደ 10,000 ያህሉ ተገጥመዋል። ወርዷ 2 ሜትር እንኳን የማይሞላ ጠባብ ክፍል ነበረች። ሆኖም ከቤቱ ጋር ተገጥማ ነበር የምትሰጠው! እኔ ግን በዚያው ከተማ ባዶ ግድግዳ ተረክቤ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

ወደ ሱቁ የሄድኩት አንድ የቆየ እምነት ይዤ ነው። አዲስ ለሚመጡ ወገኖች ሁሉ የምነግራቸው፣ ቀደም ብለው የመጡት ደግሞ ለእኔ የነገሩኝ ምክር ነበር፦ «እዚህ አገር ዋጋ ማለት የተጻፈው ነው። አትከራከሩ፤ ታሳፍሩናላችሁ።» ምክሩ በጊዜው ውሸት አልነበረም። ነጋዴ ለሸማች ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ የሚከለክል፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሕግ ነበራቸው። ሕጉ በ2001 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ምክሩን የሚሽር ግን አልተገኘም፤ እኛ እየተቀባበልን እዚህ አደረስነው።

የወጥ ቤት መደብሩ ሻጭ ሲያስተናግደን እንደ አማች ነው። ቡና አቀረበልን፤ ለልጃችን ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጣት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ 3 ሰዓት ሙሉ ወጥ ቤታችንን ሲስል ዋለ። ባለቤቴ ምጣዳችን የት እንደሚቀመጥ ስትጠይቀው ፎቶውን አይቶ የፒሳ መጋገሪያ መሰለው። የእነርሱ ካቢኔት ልኩ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የምጣዳችን ክዳን ብቻውን ከዚያ ይሰፋል። በትሕትና «ለዚህ መፍትሔ እንፈልጋለን» አለና መፍትሔውን ሳይፈልግ ወደ ዋጋው አለፈ።

ዋጋው 24,800 ዩሮ ነበር። እኛ ትንፋሻችንን ሳንመልስ እርሱ ፈገግ ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ። «በዚህ ሳምንት 50 በመቶ ቅናሽ አለን።» 12,400 ሆነ። ሁለተኛ ቁልፍ። «ተጨማሪ እሴት ታክሱንም እኛ በስጦታ እንሸፍንልዎታለን።» ታክሱ 19 በመቶ ስለሆነ 2,356 ዩሮ ይቀነሳል ብዬ ስጠብቅ የተቀነሰው 1,980 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ታክሱ ቀድሞውኑ በዋጋው ውስጥ ስላለ ሲወጣ ከጠቅላላው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን 19ኙ ነው። ከዚያ ሻጩ «አለቃዬን ልጠይቅልዎት» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እዚያ ምን ሲያደርግ እንደቆየ አላየሁም፤ ሲመለስ ግን የቡና ሽታ ነበረው። «9,990። ነገር ግን ዛሬ ከፈረሙ ብቻ ነው።»

መርካቶን የሚያውቅ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ይነቃል። እኔም ነቃሁ፤ የእናቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ዋጋ የምትፈትንበት ዘዴ ነበራት፤ ከዕቃው ላይ አንዱን እያነሳች «ይህን ብተወው ስንት ይሆናል?» ትላለች። ሻጩን የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን እንዲያወጣው ጠየቅኩት። ዋጋው በ150 ዩሮ ብቻ ወረደ። ሐሳቤን የቀየርኩ መስዬ መልሶ እንዲያስገባው አልኩት፤ 480 ጨመረ። የዚያኑ ማሽን ዋጋ በስልኬ ልፈልግ ስሞክር የሞዴል ቁጥሩ የትም አይገኝም። ለካ አምራቾቹ ለወጥ ቤት መደብሮች ብቻ የሚሸጡት የተለየ ቁጥር ያለው ሞዴል አላቸው፤ ካቢኔቱም ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ በየመደብሩ የተለየ ስም ሊሰጠው ይችላል። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ተዘርዝሮ አይሰጥም፤ «ብሎክፕራይስ» ይሉታል፣ በጅምላ አንድ ቁጥር ማለት ነው። ሥዕሉን ይዤ ልሂድ ስለው «እርሱ የሚሰጠው ከፊርማ በኋላ ነው» አለኝ።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅናሽ ያወጀ ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ግዴታ አለበት። ለሸሚዝ መልካም ሕግ ነው። ለእኔ ግድግዳ ተለክቶ ዛሬ ጠዋት የተወለደ ወጥ ቤት ግን ትናንት ምን ዋጋ ነበረው? ብዙ ሰው የሚተማመንበት የ14 ቀን የመመለስ መብትም በኢንተርኔት ለገዛ ወይም ሻጭ ቤቱ ድረስ ለመጣበት ነው፤ በእግሩ መደብር ገብቶ ለፈረመ አይሠራም።

ሳንፈርም ወጣን። ባቡር ውስጥ ልኩን ሁሉ ከአእምሯችን እየጨመቅን በልጃችን ሥዕል ጀርባ ላይ ጻፍነው። የ60 ሳንቲ ሜትር ካቢኔት ስንት፣ የ80 ስንት፣ ባለ ስንት መሳቢያ። በዚያ ወረቀት ሦስት መደብር ዞርን። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ዋጋውን በዝርዝር ጻፈልን፤ ቅናሽ የሚል ቃል አልነበረበትም። ከነገጠማው 7,900 ዩሮ። ባለቤቴ ስቅቅ እያለች 300 አስቀነሰች። የመጀመሪያው ሻጭ በማግስቱ ደወለልኝ፤ አለቃው «አንድ ተጨማሪ ነገር» ሊያደርጉልን እንደሚችሉ ነገረኝ። ድምፁን ስሰማ ከኋላዬ «ና ተመለስ፣ ና ውሰደው በቃ» ሲሉኝ የኖሩት የመርካቶ ነጋዴዎች ሁሉ በጀርመንኛ የተናገሩ መሰለኝ። ልዩነቱ፣ የመርካቶው ሰው የመጀመሪያው ዋጋ የክርክር መነሻ እንደሆነ እኔ እንደማውቅ ያውቃል። ስጦታ ሰጠሁህ አይለኝም።

እዚህ ላይ አገር ቤትን ብቻ እያመሰገንኩ እንዳይመስል። እህቴ ቦሌ አራብሳ ላለው የኮንዶሚኒየም ቤቷ ኪችን ካቢኔት ስታሠራ በዕረፍት ሄጄ ነበር፤ መጀመሪያ የተደረገልኝ ነገር መኪና ውስጥ መቆለፍ ነው። «አንተ ከታየህ ዋጋው ሌላ ነው፤ ጫማህ ይናገራል» አለችኝ። ባለሙያው ከነዕቃው ሳይሆን የእጅ ዋጋ ብቻ እንዲነግራት ጠየቀችው። ሰውየው ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ካርቶን ላይ በእርሳስ ደመረ፦ «እህቴ፣ ባለ 122 በ244 ኤምዲኤፍ 7 ጣውላ፣ ማጠፊያ 28፣ የመሳቢያ ሐዲድ 5 ጥንድ።» ካርቶኑን ቀዶ ሰጣት። እርሷም ካርቶኑን ይዛ መርካቶ ወረደች። እዚያ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ የ15 በመቶ ታክሱ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ «ዋጋው የሚጸናው ለ3 ቀን ነው» የሚል ተጽፏል። ፍራንክፈርት ላይ «ዛሬ ብቻ» ማለት ማስፈራሪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እውነት ነበር፤ በአራተኛው ቀን ስትመለስ ጣውላው ጨምሮ አገኘችው።

በ15 ቀን ይደርሳል የተባለው ካቢኔት በሦስተኛው ወር ደረሰ። ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ የባለሙያው ስልክ የሚነሳው እሑድ እሑድ ነበር። ገዝታ የሰጠችው ማጠፊያም በርካሽ ተቀይሮ ነው የተገጠመው፤ በሩ ሲዘጋ ጎረቤት ይሰማል። የእኔ በተጻፈው ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሁለት ሰው መጥቶ እስከ ማታ ተገጥሞ አልቋል፤ በሮቹም ያለ ድምፅ ነው የሚዘጉት። ምጣዱ ግን አሁንም ሰገነት ላይ ነው።

ማታ ለእህቴ በቪዲዮ እያዞርኩ አሳየኋት። አደነቀች፣ መረቀች፣ ከዚያ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። 7,600 ዩሮ፣ 300 አስቀንሰን ነው አልኳት፤ የመጀመሪያው ሰውዬ ከ24,800 መነሳቱንም እየሳቅኩ ተረኩላት።

አልሳቀችም። «የተቀነሰውን ተወው» አለች። «ስንት ጣውላ ነው?»

ካሜራውን ወደ ካቢኔቱ መልሼ ቆምኩ። በአንድ ቀለም የተለበጠ ነጭ ግድግዳ ነው የሚመስለው።

«ቆይ፣ ሜትር ላምጣ» አልኳት።