ለማይተኩስ ጠመንጃ የቀረበ ውዳሴ

በየዓመቱ ጥር ላይ በላስ ቬጋስ በሚካሄደው፣ ሾት ሾው በተባለው የጦር መሣሪያ ንግድ ትርኢት ላይ ለሚሰበሰቡት አወዳሾች ክብር ይግባቸውና፣ ገና ያልተሸጠን ጠመንጃ እንደ ተሸጠ፣ ያልተተኮሰበትንም እንደ ተተኮሰበት አድርጎ ማሞገስን ከእነርሱ አስበልጦ የሚያውቅ የለም። አባቶቻችን ስለ ምንሽራቸውና ስለ ውጅግራቸው ሲፎክሩ ቢያንስ መሣሪያው በትከሻቸው ላይ ነበር። ይህ ኋላ ቀርነት ነው። የሠለጠነው ዓለም ፉከራውን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ጠመንጃው ሲመቸው ይደርስበታል።

ከሁሉ በላይ የሚወደሰው ተገጣጣሚው ጠመንጃ ነው። አካሉ አንድ ሆኖ አፈሙዙ፣ ሰደፉና ካዝናው ስለሚቀያየሩ፣ ጠዋት አጭር፣ ከሰዓት በኋላ ረጅም፣ ዛሬ የ5.56 ነገ ደግሞ የ7.62 ሚሊሜትር ጥይት ተኳሽ ይሆናል ይባላል። ዩጂን ስቶነር የተባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ፣ ከአንድ አካል ጠመንጃም መትረየስም የሚወጣበትን ስቶነር 63 የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሆኑን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንሳት ግን ሠርግ ቤት ገብቶ የሙሽራይቱን ዕድሜ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

የምርመራውን ጥልቀት ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ያስደንቃል። ለትርኢት የሚቀርቡት ጠመንጃዎች ጥይቱን የሚመታው መርፌ አስቀድሞ ስለሚወጣላቸው መተኮስ አይችሉም። ባለሙያው ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አንዱን ያነሣል፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያስደግፋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጣሪያው መብራት ላይ ያነጣጥራል፣ ቃታውን ይስባል። «ቀጭ» ይላል። ራሱን በአድናቆት ይነቀንቅና ሲተኮስ ትከሻ እንደማይመታ ለካሜራው ይመሰክራል። በእርግጥም አልመታውም።

በዚህ የውዳሴ ታሪክ ውስጥ ማሳዳ የተባለውን ተገጣጣሚ ጠመንጃ ያህል የከበረ የለም። ማግፑል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ትርኢት ላይ ሲያሳየው፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ገደማ እንደሚሆን፣ አፈሙዙ ያለ ልዩ መፍቻ በእጅ እንደሚፈታ፣ የክላሽ ጥይት እንኳ ከነካዝናው እንደሚቀበል ተነገረ፤ ሕዝቡም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣ። በ2008 መጀመሪያ የማምረቱ ፈቃድ ለቡሽማስተር ኩባንያ ተላለፈ፤ ስሙም ኤሲአር ተባለ። ሱቅ የደረሰው በ2010 ሲሆን፣ ዋጋው ከ2,500 ዶላር በላይ ሆኖ፣ ክብደቱም ጨምሮ ነበር። (ማሳዳ ሮማውያን የከበቡት ጥንታዊ የአይሁድ ምሽግ ስም ነው። ከባቢዎቹ እንኳ የጠመንጃውን ደንበኞች ያህል መጠበቃቸውን እጠራጠራለሁ።) ይህም አልበቃ ብሎ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ ከአንድ በላይ ጥይት ሊተኩስ ይችላል ተብሎ ባለቤቶቹ መተኮሱን አቁመው ጠመንጃውን ለጥገና እንዲመልሱ ተጠየቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የአንዲት ጥይት ድምፅ ሲናፍቅ ለኖረ ደንበኛ ግን ይህ ምርቃት እንጂ ጉድለት ሊባል አይገባም ነበር።

ስለዚህ ልምድ ያለው ጎብኚ ዛሬ ሦስት ነገር አይጠይቅም፤ ዋጋውን፣ ቀኑንና መለዋወጫውን። ቢጠይቅም አስተናጋጁ በፈገግታ «በዓመቱ የመጨረሻ ሩብ ላይ» ይለዋል። የየትኛው ዓመት መሆኑን አለማብራራቱ የትሕትናው ምልክት ነው፤ ቀጠሮ የሚያጠብ ነጋዴ ደንበኛውን ተስፋ ይነፍገዋል።

ትዕግሥቱ ፍሬ አፍርቶለት ጠመንጃውን እጁ ያስገባ ሰውም ይገጥማል። የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ቁም ሣጥን ከፍቶ ማየት ነው። ተገጣጣሚው ጠመንጃ ከሱቅ በወጣበት አፈሙዝ እንደ ተገጠመ ቆሟል፤ ሁለተኛው አፈሙዝ ፋብሪካው በቀባው ዘይት እንደ ወዛ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። አፈሙዝ በተቀየረ ቁጥር ዒላማውን እንደ አዲስ ማስተካከል፣ ለዚያም ጥይት ማቃጠል ስለሚያስፈልግ፣ ባለቤቱ ለትልቁ ጥይት ሌላ ጠመንጃ፣ ለአጭሩም ሌላ ሦስተኛ ገዝቷል። አንዱ ጠመንጃ የሁሉን ሥራ ይሠራል የተባለው በዚህ ተረጋግጧል፤ ሌሎቹን ሁለቱን አስገዝቷልና። እርሱ ግን ቅር አላለውም። ለመጪው ጥር በላስ ቬጋስ ሆቴል ይዟል፤ ሰደፉ በሁለቱም በኩል የሚታጠፍ፣ አራት ዓይነት ጥይት የሚተኩስ ሊያሳዩ ነው ሲባል ሰምቷል።