ቁጥራቸውን አሳንሰን ዩኒቨርሲቲ የላክናቸውን ሴት ልጆች በር ላይ አንሻማቸው

የጅማ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምናገረው።

አምና አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲያችን በሚገቡበት ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ብርድ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በገመድ አስራዋለች። ሦስት ወጣቶች መጥተው ከበቧት። መጀመሪያ «ዕቃሽን እንያዝልሽ» አሉ፣ ቀጥሎ ስልኳን ጠየቁ። እምቢ ስትል አንዱ «በድጋፍ ገብተሽ ደግሞ ትኮሪያለሽ!» አላት። ወረፋው ላይ የነበርነው ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል። አንድም ሰው አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ያ ዝምታ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

«በድጋፍ» ማለት ለሴቶች በተቀነሰ የመግቢያ ነጥብ መግባት ነው፤ ቃሉን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው በደል ታስቦ የድጋፍ እርምጃ እንዲያገኙ መብታቸው ሆኖ ተጽፏል። በደሉን ደግሞ ሩቅ አገር አንፈልገው። ቡና ሲደርስ ከትምህርት ቀድማ የምትቀረው ማን ናት? ወንድሟ ደብተሩን ሲገልጥ ውሃ የምትቀዳው፣ ምጣድ የምታሰማው ማን ናት? ፈተናው ይህን አይጠይቃትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት አልፋ ግቢ የደረሰች ልጅ ምን ያህል እንደለፋች አስቡ።

ጥቂት ሆነው ሲገቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቃቸዋል። በተለይ ሴቶች በጣት በሚቆጠሩባቸው ክፍሎች ወንዶቹ «ቶሎ ካልጠበስኩ ሌላ ይወስዳታል» ይባባላሉ። ቤቴ ተከራይታ የነበረች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ወንድ ጓደኛዋ ስጠይቃት «እማማ፣ ወድጄው መሰለዎት? አንዱን ከያዝኩ ሌሎቹ ይተዉኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ልጅቷ አጥር ፈልጋ ነው ፍቅር የጀመረችው። ልጁም ምስኪን የተወደደ መስሎት ነበር። ጥናቷን ከሱ ጋር፣ ምሳዋን ከሱ ጋር፣ መንገዷንም ከሱ ጋር አድርጋ፣ መለየት ስትፈልግ መውጫው ጠፋባት።

ፍቅር አትያዙ አልልም። ወጣት ይዋደዳል፣ ይጋባል፣ ደግ ነው። ግን እናንተ ወንዶች ልጆቻችን፣ እምቢ ያለችን ልጅ በውጤቷ አትስደቧት፤ በእሷ ላይ ውርርድ አትግቡ። መኪና አቁማችሁ በር ላይ የምትጠብቁ የከተማችን አባወራዎችም፣ እናውቃችኋለን፤ የእናንተም ልጆች ነገ ሌላ ከተማ ይመደባሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ዘንድሮ ቡናው ሲደርስ ሴቷን ልጅ ከክፍል አታስቀሯት። ለለቀማ ሰው ካነሰ ወንዱም ከትምህርት መልስ ቅርጫት ይያዝ።

አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ እኔ እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ እቆማለሁ። «ዕቃሽን ልያዝልሽ፣ ልጄ» የምላት እኔ ነኝ። የምትችሉ እናቶች አብራችሁኝ ቁሙ።