የሊዮፖልድ «ደብዳቤ» ፎርጅድ ነው

ወንድሜ፣ የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ በ1883 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ለኮንጎ ሚሲዮናውያን «ጥቁሮቹ ድህነትን እንዲወዱ አስተምሩ» ብሎ ጻፈ የተባለውን አጋርተሃል። ደብዳቤው ፎርጅድ ነው። ኮንጎ የእሱ ግዛት ተብላ የታወቀችው በ1885 ነው። የቤልጅየሞቹ የሼውት ካህናት (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር) እንኳ የደረሱት በ1888 ነው።

ደግሞ እውነተኛ ማስረጃ እያለ ፎርጅድ ምን ያደርግልናል? ሊዮፖልድ ራሱ የላከው አጣሪ ኮሚሽን በ1905 ባወጣው ሪፖርት የኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር፣ ጀስዊት) የጸሎት ቤት እርሻዎች ነቅፏል። ልጆች «ወላጅ አልባ» እየተባሉ ወደዚያ ይወሰዱ ነበር። አብዛኞቹ ግን ወላጅ አልባ አልነበሩም፤ እንደልባቸው መሄድም አይችሉም ነበር። በዓመቱ የሊዮፖልድ የኮንጎ መንግሥት ከቫቲካን ጋር ተፈራረመ። ለእያንዳንዱ የካቶሊክ ሚሲዮን ከ100 እስከ 200 ሄክታር መሬት በነጻ! እርግጥ ኢየሱሳዊው ካህን ቬርሜርሽ በዚያው በ1906 የሊዮፖልድን አገዛዝ በመጽሐፍ ተችቷል። በዚያ አገዛዝ የተቆረጡ የኮንጎ ሰዎችን እጆች ፎቶ ለዓለም በማሳየት የሚታወቁት ግን ፕሮቴስታንቶቹ ሚሲዮናውያን ናቸው።