ክርክር፦ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ለካንሰር ይዳርጋል?

ደጋፊ፦ ይዳርጋል፤ ሁሉም ተውሳክ ግን አይደለም። እኔ የምሟገተው በእስያ ስለሚገኘው የቢልሃርዚያ ዓይነት፣ ስለ ሺስቶሶማ ጃፖኒከም ነው። ወንዱና ሴቷ ትል ተጣምረው በአንጀት ደም መላሽ ሥር ውስጥ ይኖራሉ፤ ሴቷ በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ብዙው ከሰገራ ጋር አይወጣም፤ በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ነጭ የደም ሴሎች እያንዳንዱን እንቁላል ይከቡታል፤ ሥፍራው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይይዛል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የተጎዳውን ለመተካት ሴሎቹ ያለ ፋታ ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥርም የዲ ኤን ኤ ስህተት ይጠራቀማል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የአንጀት ቁጣ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ማን ይክዳል?

ተቃዋሚ፦ እኔም አልክድም። ማስረጃው ግን እርስዎ የሚሉትን ያህል አይሄድም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፖኒከምን የመደበው «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» በሚለው ምድብ ነው፤ ማንሶኒ የተባለውን ሌላውን የአንጀት ቢልሃርዚያ ደግሞ ለመመደብ ማስረጃው አይበቃም ብሎታል። ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠባቸው ትሎች ሦስት ሲሆኑ አንዱ የሽንት ፊኛን፣ ሁለቱ የሐሞት ቱቦን ነው የሚያጠቁት። በካንሰር ዕጢ ናሙና ውስጥ ጠቁሮ የደረቀ እንቁላል በማይክሮስኮፕ መታየቱም ብቻውን አያስረዳም፤ በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ ዕጢ በሌለበት አንጀት ውስጥም ይታያል።

ደጋፊ፦ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውንና ተቅማጥ የሚያመጣውን ጥቃቅን ተውሳክስ ምን ይሉታል? በቤተ ሙከራ የተበከሉ አይጦች አንጀታቸው ላይ ካንሰር ወጥቶባቸዋል።

ተቃዋሚ፦ አይጦቹ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ክፉኛ የተዳከመ ነበሩ። በሰው ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፦ ካንሰሩ አቅም ያሳጣል፣ ተውሳኩ ኋላ ይገባል። እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ይመረመራል፤ «አሜባ» ይባላል፤ ሜትሮኒዳዞል ይወስዳል። ዕጢ አንድ ጊዜ ደምቶ ለሳምንታት ስለሚተው መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ደሙ ሲመለስ ያው ኪኒን ይደገማል። ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት፣ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ያ ሁሉ ዕድል በኪኒን ያልፋል! ደሙ ከተመለሰ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት ማነስ ካለ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ነው የሚያስፈልገው፤ ተውሳክ ተገኘም አልተገኘም።

ደጋፊ፦ በዚህ እስማማለሁ። ተቃራኒውም እንዳይረሳ፦ አሜባ የሚፈጥረው እብጠት በኮሎኖስኮፒ ዕጢ ይመስላል፤ ስለዚህ ባዮፕሲ (ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና) ሳይነበብ አንጀት አይቆረጥ። ካንሰር ለተገኘበትም ቢሆን የተውሳክ ጉዳይ አያበቃም። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል እዚያው ሰው ውስጥ እየተራባ አሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ከኬሞቴራፒ (ከካንሰር መድኃኒት) ጋር ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን መከላከያውን ሲያዳክምለት ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) በሰገራ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ አንድ የሰገራ ምርመራ ላያገኘው ይችላል፤ ትሉ ባለበት አካባቢ የኖረ ሰው ሕክምናውን ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራም ይደረግለት።