መስመሩ ሲሰመር የወላጅ ኪስ ይታይ?

አሜሪካ ውስጥ አንድ የትምህርት ወረዳ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፍት ወይም አንዱ ሲጨናነቅበት፣ የየትኛው ሰፈር ልጅ የት እንደሚማር የሚወስነው ካርታ እንደገና ይሰመራል። ሲሰመር የቤተሰብ ገቢም ይታይ ወይስ አይታይ? ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል።

ደጋፊ፦ መስመሩ ከሰማይ አልወረደም፣ ሰው ነው ያሰመረው። አንድ መንገድ መሃል ላይ ይሰመርና በግራ ያለው ቤት ልጅ ወደ አንዱ፣ ፊት ለፊት ያለው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የቤቱ ዋጋም አብሮ ይለያያል። ስለዚህ «ገቢ አይታይ» ማለት ድሮ የተሰመረውን እንዳለ ማጽደቅ ነው። ድህነት በተከማቸበት ትምህርት ቤት መምህር አይበረክትም። ዓመቱ ሳያልቅ ቤት ቀይሮ የሚሄድ ልጅ ይበዛል። የሆነ ነገር ሲጓደል የወረዳው ትምህርት ቦርድ ፊት ቆሞ የሚሟገት ወላጅም አይገኝም፣ ሥራ ላይ ነዋ! የዊስኮንሲኗ ላ ክሮስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ገቢን አይታ አሰመረች። የኖርዝ ካሮላይናው ዌክ ካውንቲም በ2000 የቤተሰባቸው ገቢ አነስተኛ በመሆኑ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚበሉ ልጆች በየትኛውም ትምህርት ቤት ከ40 በመቶ እንዳይበልጡ ግብ አስቀመጠ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ከጀመርከው አይቀር ጨርሰው እንጂ። ላ ክሮስ በዚያው ዓመት ሕዝቡ የቦርድ አባላትን በድምፅ አባረረ። ዌክም በ2009 ምርጫ ቦርዱ እጅ ቀየረ፣ በ2010 ፖሊሲው ተሻረ። እኔን ግን ከምርጫው በላይ የሚያሳስበኝ አውቶቡሱ ነው። ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ የስድስት ዓመት ልጅ ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ትቆማለች። ረፋዱ ላይ ትኩሳት ቢይዛት እናቷ መኪና የላትም፣ በምን ትድረስላት? ሀብታሙ መስመሩን ካልወደደው የግል ያስገባል ወይም አጎራባች ወረዳ ይገባል። ወረዳ ተሻግሮ እንዳይከተሉት ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በዲትሮይቱ ጉዳይ፣ ጥፋት ያልተገኘባቸውን የዳር ከተሞች ወረዳዎች አስገድዶ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በሚያቀላቅለው እቅድ ውስጥ ማስገባት አይቻልም ብሏል።

ደጋፊ፦ የአውቶቡሱን ነገር እቀበላለሁ፣ ልክ ነሽ። ግን እኔ ከተማውን አቋርጠው ይሂዱ አላልኩም። ጎን ለጎን ሆነው አንዱ የደላቸው፣ ሌላው የተቸገሩ ልጆች የሞሉበት ትምህርት ቤቶች ካሉ፣ በመካከላቸው ያለውን መስመር ጥቂት ማዞር ይበቃል። ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በ2007 በሲያትልና በሉዊቪል ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ልጅን በዘሩ እየለዩ መመደብ በጣም ጠቧል፤ ገቢ ግን በዚያ አይታገድም።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ በምን ትለካዋለህ? በምሳው? መጠለያ ውስጥ የሚያድረውም፣ ወላጆቹ ከድህነት መስመሩ ወደ እጥፍ የሚጠጋ የሚያገኙትም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። አሁን ደግሞ ለተማሪው ሁሉ ምሳ በነፃ የሚያቀርቡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እዚያ የምሳ ቅጽ የሚሞላ ወላጅ የለም። ሌላም አለ። ልጆቹ በአንድ በር ይገቡና ኮሪደሩ ላይ ይለያያሉ፤ እነዚያ ወደ ከፍተኛው ሒሳብ፣ እነዚህ ወደ ተራው። በካርታ የቀላቀልከውን የክፍል ፕሮግራሙ ይበትነዋል።

ደጋፊ፦ ይሄኛው መታኝ፣ አልዋሽም። ግን በሩን ካልገቡ ኮሪደሩ ላይ ምን ብለን እንከራከራለን?

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ካርታህን ስታመጣ የአውቶቡሱን ሰዓትና የክፍል ምደባውን አብረህ አምጣ። ያኔ አየዋለሁ። ደግፌሃለሁ ግን አላልኩም።