እርማት፦ ጎማው ወደኋላ የሚዞረው ፊልሙ ተገልብጦ አይደለም

መኪናው ወደፊት እየበረረ ጎማው ወደኋላ የሚዞርበትን ትዕይንት በተመለከተ ብዙዎቻችሁ አንድ መልስ እየተቀባበላችሁ ነው፦ «መኪናውን ወደኋላ እያስነዱ ቀርጸው፣ ገልብጠው ያጫወቱት ነው»። ግምቱ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ፊልም በሰከንድ ባብዛኛው 24 ፎቶ ነው። 5 እኩል ክንድ ያለው ቸርኬ አስቡ። በክንዶቹ መካከል ያለው ርቀት 72 ዲግሪ ነው። ከአንዱ ፎቶ እስከ ቀጣዩ ጎማው 66 ዲግሪ ቢዞር፣ ቀጣዩ ክንድ የፊተኛው ቦታ ላይ ሊደርስ 6 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ክንዶቹ መንታ ስለሆኑ ዓይናችን የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ 6 ዲግሪ ወደኋላ የሄደ ይመስለዋል። ልክ 72 ቢዞር ደግሞ ጎማው ጭራሽ የቆመ ይመስላል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። እዚያው ትዕይንት ላይ እግረኞቹን እዩ። የተገለበጠ ቢሆን ሰዉ ሁሉ የኋሊት ይራመድ ነበር፤ የጭስ ማውጫውም ጭሱን መልሶ ይውጥ ነበር!

እኔ ሀዋሳ ቤቴ በቬንትሌተር ነው የሞከርኩት (በዚህ ሙቀት መቼም የሌለው ቤት የለም)። በቀን ብርሃን በስልክ እየቀረጻችሁ አጥፉት። ፍጥነቱ ሲቀንስ ክንፎቹ ቀጥ ይላሉ፣ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ እንደገና ወደፊት። በስሎው ሞሽን እየቀረጻችሁ ስትደግሙት፣ በሰከንድ የሚነሳው ፎቶ ቁጥር ስለሚበዛ፣ የኋሊት ጉዞው ይጠፋል።

በዚህ ምክንያት «አዘጋጆቹ አጭበረበሩን» ያላችሁ ወንድሞች፣ ይቺን እንኳ ይቅር በሏቸው።