ወዳጅነቱ የሚጀምረው ከቦሌ በኋላ ነው

ጃፓን ለሥልጠና ወይም ለትምህርት ደርሶ የመጣ ሰው ስልክ ውስጥ የማይጠፉ ፎቶዎች አሉ። ፉጂ ተራራ ከባቡር መስኮት፣ ኪሞኖ ለብሶ፣ ኪዮቶ ቀዮቹ በሮች ሥር ቆሞ። "ላይን" የሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ደግሞ የአዳዲስ ወዳጆች ስም ተደርድሯል። ቦሌ ከተወረደ በኋላ ሰላምታው ለጥቂት ሳምንታት ይቀጥላል። ከዚያ እኛ ወደ ቴሌግራማችን፣ እነሱ ወደ ላይናቸው።

የባህል ልውውጥ ሲባል ገንዘቡም ጉልበቱም የሚፈሰው ጉዞው ላይ ነው። ለእኔ ግን ጉዞው መተዋወቂያ ነው፣ ሌላ አይደለም። ጓደኝነቱ የሚሠራው ከተመለሱ በኋላ፣ አሰልቺ በሚመስሉ ትንንሽ ነገሮች ነው።

ጉዞና ደማቅ አቀባበል ብቻውን የትም እንደማያደርስ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ሄደው በክብር ተስተናገዱ፤ ሲመለሱም ስለ አገሪቱ መጽሐፍ ጻፉ። ጣልያን ስትወርረን ብዙ ተራ ጃፓናውያን ከእኛ ጎን ቆመው ነበር። መንግሥታቸው ግን በ1936 ለወረራው እውቅና ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ግንኙነቱ ታደሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1956 ጃፓንን ጎበኙ፤ አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ደገመው። ዛሬም ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ ከኢትዮጵያ መምጣትህን ሲሰማ "አበበ!" ይልሃል። ደስ ይላል። ከዚያ በኋላስ ምን ታወራላችሁ?

ኮቤ ለሥልጠና ሳለሁ ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው ያሳደሩኝ ጡረተኛ ባልና ሚስት ነበሩ። ጨዋዎች ናቸው፤ እኔም ጨዋ ለመሆን ስታገል ነበር። ስንሰነባበት ተሰጋግደን ተለያየን እንጂ ተዋወቅን ለማለት ይከብዳል። የተዋወቅነው በጀበና ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ጀበናና የተቆላ ቡና ላክሁላቸው። ምድጃቸው ግን ዕቃው ብረት ካልሆነ የማይሠራው ዓይነት ነው። ሸክላ ሲያስቀምጡበት ጮኾ ይጠፋል። በቪዲዮ ደወሉልኝና ጀበናውን እያገላበጡ አሳዩኝ፤ ተበላሽቷል ብለው ሰግተዋል። ችግሩ ሲገባን ባልየው ከጓዳ ትንሽ የጋዝ ምድጃ አወጡ። ክረምት ላይ ጠረጴዛ መሃል አስቀምጠው "ናቤ" የሚባለውን የድስት ምግባቸውን የሚያበስሉባት ናት። እኔ ከዚህ "እሳቱን ቀነስ ያድርጉት"፣ "ሲገነፍል ያውጡት" እላለሁ፤ የትርጉም መተግበሪያው ምን እንደሚላቸው እግዜር ይወቀው። ማቶት ስላልነበረ ወይዘሮዋ ፎጣ ጠቅልለው ጀበናውን ዘንበል አድርገው አስቀመጡት። አተላው እስኪወርድ ስንጠብቅ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። ቤታቸው ባደርሁ ጊዜ አንድም ያላነሱት ጉዳይ ነበር። ጎረቤታቸውም የቡናው ሽታ ስቧት መጣች። ዛሬ ከሁሉም በላይ የምትጽፍልኝ እሷ ናት።

ሰዓቱም ተባብሮናል። ጃፓን በስድስት ሰዓት ትቀድመናለች። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ስድስት ሰዓት አዙረን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል ቶኪዮም 3 ሰዓት ነው፣ የእነሱ ከሰዓት በኋላ። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ቀጠሮ ለመያዝ ማስላት የለም።

ጃፓኖች ስጦታ ተቀብለው ዝም አይሉም። ቡና ስትልክ ሻይ ይመጣል፤ በርበሬ ስትልክ የባሕር አረም ይመጣል። እኛ ጋ ቶሎ የመለሰ ሰው "ዕዳ ነው እንዴ?" ይባላል። መጀመሪያ እኔንም ከንክኖኝ ነበር። አሁን ግን ወድጄዋለሁ፤ ሁልጊዜ ተራው የአንዱ ስለሆነ ነገሩ አይቋረጥም። የአዲስ ዓመት ካርዳቸውም እንደዚያው ነው። እዚያው አገር ውስጥ እስከ ታኅሣሥ 25 በፈረንጆቹ የተላከ ካርድ ጃንዋሪ 1 ጠዋት ቤት ይደርሳል። የእኔ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ጋ ሲደርስ ጥምቀት አልፏል፤ ቢሆንም ይመጣል።

አንድ ዓመት ግን ግራጫ ካርድ መጣ። ቤተሰብ ውስጥ ሰው የሞተበት በዚያ ዓመት የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ አይልክም፤ ይህንኑ አስቀድሞ ያስታውቃል። ወይዘሮዋ እናታቸውን አጥተዋል። በእነሱ ልማድ ካርዱን አንብቦ ዝም ማለት ነውር የለውም። እኔ ለቅሶ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ደወልኩ። ግራ ተጋቡ። ቆይተው ግን ስለ እናታቸው ብዙ ነገሩኝ፤ ባልየውም ሻይ አፍልተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

የባህል ልውውጥ ዝግጅት ወደሚደረግባቸው አዳራሾቻችን ስመለስ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። የጃፓን የሻይ ሥርዓትና የእኛ የቡና ሥርዓት መድረክ ላይ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ንግግር ይደረጋል፣ ሱሺ ይቀመሳል፣ ፎቶ ይነሳና ሰው ይበተናል። ክፋት የለውም፤ ግን ማንም የማንንም ስልክ ይዞ አይወጣም። ሁለቱም ወገን የሚያውቀውን ያሳያል፣ አብሮ የሚቸገርበት ነገር የለም።

ጃፓኖች ራሳቸው እርስ በርስ የሚቀራረቡት እንዲህ አይደለም። ከጦርነቱ ማግስት፣ ከ1946 ጀምሮ በየሰፈሩ "ኮሚንካን" የሚሏቸውን የሕዝብ አዳራሾች አቋቁመዋል። ዛሬም በአገሪቱ ከ10 ሺህ በላይ አሉ። አንዱ ክፍል የብዕር ጽሕፈት፣ ሌላው መዘምራን፣ ሌላው ለውጭ ዜጎች የጃፓንኛ ንግግር። በየሳምንቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። ዓይን አፋር ሕዝብ ስለሆነ "ና እንጫወት" ከሚለው ይልቅ ቋሚ ቀጠሮ ይቀለዋል። ቶኪዮ ካጹሺካ አካባቢ ተሰባስበው የሚኖሩት ወገኖቻችንም ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እዚህ አገር ለዚህ የሚሆን ሰው ሞልቷል። ከሥልጠና የተመለሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው "አቤ ኢኒሼቲቭ" በሚባለው የጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ማስተርሱን ሠርቶ የመጣው፣ ጃፓንኛ የሚማረው ወጣት፣ ካራቴና ጁዶ የሚሠራው። የጃፓን መንግሥት የሚልካቸው በጎ ፈቃደኞችም አሉ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረ ሲሆን አብዛኞቹ የሚመደቡት ለሁለት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማን ጋ ሄዶ እሁድን እንደሚያሳልፍ የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ አጋጥሞኛል፤ አማርኛው ደግሞ ከአንዳንዶቻችን ይሻላል።

የሚያስፈልገው አንድ ክፍል ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በየሳምንቱ። ለአንድ ቀን ፌስቲቫል ከሚወጣው ጥቂቱ ለዓመት ይበቃዋል። ምግብ አብሮ ማብሰል ይሁን ጽሕፈት መማር፣ መጀመሪያ ለሚመጡት እንተወው። ቁልፉን ማን ይያዝ የሚለው ላይ ደግሞ መነጋገር እንችላለን።